ፈረስ በዳሞት ገበያ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ደምበጫንና ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም የሚደርስ፣ ከዚያም በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ፣ ከቡሬም በጥሊሊ አድርጎ ወደ እንጅባራ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ጤፉና በቆሎው፣ ባሕር ዛፉና የቤተ ክርስቲያኑ ደን እየተፈራረቀ ዓይኑን ሲማርከው፣ ከዚህ ሁሉ መካከል ሳይለየው የሚከተለው አንድ ፍጥረት አለ፤ ይኸውም ፈረስ ነው። በአንዱ መንደር ኮርቻ ተጭኖ ከደጀ ሰላም ውጭ ባለቤቱን ሲጠብቅ፣ በሌላው ከጋሪ ተጠምዶ የእህል ጆንያ ሲጎትት፣ በሦስተኛው ደግሞ ባዝራይቱ ውርንጭላዋን አስከትላ በመስኩ ላይ ስትግጥ ይታያል። አገራችን ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ ይዛ በአፍሪካ አገሮች መካከል በፈረስ ብዛት ቀዳሚ መሆኗን ብዙ ሰው አይገነዘብም። ስለ ፈረስ የሚጻፈውና የሚነገረው የሚበዛው ስለ ጦር ሜዳውና ስለ በዓሉ ነው፤ እኔ ግን ለአንባቢ ላስተዋውቅ የምሻው ፈረሱ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው የሚተላለፍበትን ቀን፣ ማለት የገበያውን ሥርዓት ነው።

ፈረስ መግዛት በሬ ከመግዛት የሚከብድበት ምክንያት አለው። ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ የማያመሰኳም እንስሳ ስለ ሆነ፣ በኦሪት ዘሌዋውያን በተሠራው መለያ መሠረት ከማይበሉት ወገን ነው። በሬ በእርሻ ቢሰንፍ ለፋሲካ ይታረዳል፤ ላምም ብትነጥፍ ሥጋዋና ቆዳዋ ዋጋ አላቸው፤ በግና ፍየልም እንዲሁ። ፈረስ ግን እግሩ የተሰበረ ወይም አመሉ የከፋ እንደ ሆነ ገዢው ከገንዘቡ የሚያተርፈው አንዳች ነገር የለም። የፈረስ ዋጋ ሁሉ በሕይወቱ፣ በአካሄዱና በጠባዩ ላይ የቆመ ነው፤ ስለዚህም ገዢው የሚገዛው ሥጋን ሳይሆን ምግባርን ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። የገበያው ጥንቃቄ ሁሉ፣ ጥርስ ማየቱም፣ ዋስ መጥራቱም፣ ከዚህ የመነጨ ነው።

ከገበያው ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው አስቀድሞ የሚሰማው የመልክ ስም ነው፤ ነጩ አምባላይ፣ ቀዩ ዳማ፣ ጥቁሩ ጉራቻ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ደግሞ ቦራ ይባላል። ወጣት ገዢ በመልክ ይማረካል፤ የተፈተነ ገዢ ግን ቀጥታ ወደ አፉ ይሄዳል፤ በግራ እጁ ምላሱን ወደ ጎን ይዞ በቀኙ ከንፈሩን ይገልጣል። ይህ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ዕውቀት የእንስሳት ሐኪሞች በመጽሐፍ ከሚያስተምሩት ጋር የሚስማማ ነው። ውርንጭላው ሁለት ዓመት ተኩል ሲሞላው ፊት ለፊት ያሉት ሁለት የወተት ጥርሶቹ ወልቀው በጽኑ ጥርስ ይተካሉ፤ ከእነርሱ ቀጥለው ያሉት በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በአራት ዓመት ተኩል ይከተላሉ፤ 5 ዓመት ሲሆነው አፉ ሞልቷል ይባላል። ከዚያ ወዲያ ጥርስ ስለማይለወጥ የሚነበበው የጥርሱ ማለቅ ነው፤ በታችኛው መንጋጋ በፊት ጥርሶቹ አናት ላይ ያለችው ጥቁር ጉድጓድ ከመካከል ጀምራ ወደ ዳር በ6፣ በ7 እና በ8 ዓመት በተራዋ ትጠፋለች። 10 ዓመት ሲደርስ በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድዱ ሥር አንዲት ቀጭን ቦይ ብቅ ትላለች፤ በ15 ዓመቱ እስከ ጥርሱ እኩሌታ፣ በ20 ዓመቱ እስከ ጫፉ ትወርዳለች። ጥርሱም ወጣት ሲሆን ቀጥ ብሎ ይገጥማል፤ ሲያረጅ ወደ ፊት እየሾለ ይሄዳል። ሻጭ ዕድሜ ቢቀንስ፣ አፉ በገዢው ፊት የሚመሰክርበት እንስሳ ይዞ መዋሸቱ ነው።

ከአፍ በኋላ እጅ ወደ ጀርባ ይሻገራል። ኮርቻው ሳይወርድ የሚሸጥ ፈረስ ሊጠረጠር ይገባዋል፤ ከግላሱና ከወዴላው በታች ገጣባ ሊኖር ይችላልና። የዳነ ገጣባ ነጭ ጠጉር አብቅሎ ይገኛል፤ ይህ ነውር ባይሆንም ያለፈው ጌታ አጫጫን እንዳላወቀ ያስረዳል። እግሩን በየተራ አንሥቶ ሰኮናው የተሰነጠቀ ወይም የለሰለሰ መሆኑን መመልከት፣ ከጉልበቱ በታች ያለውን ጅማት በጣት ወርዶ ትኩሳትና እብጠት መፈለግ፣ ከዓይኑ ፊት እጅን ድንገት አሳልፎ ብርሃኑን መፈተን፣ ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ስለ ዋጋ አንዲት ቃል ሳይነገር ነው።

ቀጥሎ ግልቢያው ይመጣል፤ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው የሚለው የአበው ቃል በገበያ ዳር እንደ ተጻፈው ይፈጸማል። ገዢው ራሱ ወይም የሚያምነው ፈረሰኛ ይቀመጥበታል። አስቀድሞ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ ከዚያ በደንገላሳ፣ በመጨረሻም ሜዳው ከፈቀደ በሽምጥ ይፈትነዋል፤ ነገር ግን ዐዋቂ ገዢ ከሽምጡ ይልቅ የሚመለከተው ከሽምጥ በኋላ እንዴት እንደሚቆም ነው። ዛቡ በቀላሉ ሲሳብ አንገቱን ሰብስቦ የሚቆም ፈረስ አፉ ልዝብ ነው፤ ልጓሙን ነክሶ የሚጎትት ግን ወይ ሲገራ በቂም ተገርቷል፣ ወይ አፉ ከቆሰለ በኋላ ደንዝዟል። መዝሙረኛው ዳዊት በ31ኛው መዝሙሩ፣ ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በሦስተኛው ምዕራፍ ልጓምን ለሰው ልጅ ተግሣጽ ምሳሌ አድርገው መጠቀማቸውን ለሚያስታውስ ሰው፣ በዚያች ትንሽ ብረት ላይ ምን ያህል ነገር እንደ ተንጠለጠለ አይሰወረውም። የአባቶቻችን እርካብ ትንሽ እንደ ነበረ፣ ባዶ እግሩን የሚጋልበው ሰው በእግር ጣቱ ብቻ ይይዘው እንደ ነበረም ልብ ይሏል፤ ይህ ፈረሰኛ ሚዛኑን የሚጠብቀው በጭኑና በወገቡ ነበርና፣ ፈረሱ የጌታውን አሳብ ከዛቡ ቀድሞ ከሰውነቱ ያውቅ ነበር።

ይህ ሁሉ ምርመራ ተፈጽሞ አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም ገበያ ላይ በአንድ ሰዓት የማይታወቀው አመል ነው። ደንባሪነት፣ ተራጋጭነት፣ ነካሽነት፣ ልግመኛነት፣ ከአጥር ጥግ ተደብቆ የሚኖር እንደ ሌባ ያለ ነውር ነው። ይህን ሊናገር የሚችለው ሻጩ ብቻ ነው። በቡሬ ገበያ አንድ ጎልማሳ ገዢ ፀጉራቸው የሸበተ ሻጭን «አያ፣ አመሉን ይንገሩኝ» ሲላቸው፣ ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው «ልጄ፣ ድልድይ ላይ ይደነብራል፤ ወርደህ ሳበው፤ ከዚህ በቀር ነውር የለበትም» ሲሉት ሰምቻለሁ። ዋጋው በዚህ ቃል ጥቂት ወረደ፤ ፈረሱም ተሸጠ፤ ገዢውም «ያገልግልህ» ተብሎ ተመርቆ ሄደ። እኔ የዚያን ሽማግሌ አንዲት ቃል የገበያው ሁሉ መሠረት አድርጌ እቆጥራታለሁ፤ ድልድይ ላይ የሚደነብር ፈረስ ያልተነገረውን ጌታውን ወንዝ ውስጥ ይጥላልና።

ገዢና ሻጭ የማይተዋወቁ እንደ ሆነ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም ፈረሱ የተሰረቀ ወይም የሚከራከሩበት አለመሆኑን በራሱ ላይ ይወስዳል። ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ሥርዓት እንደሚናገር የታወቀ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት፣ ሌላም ሰው በመብት ተከራክሮ ከገዢው እጅ እንዳይነጥቀው መድን እንዲሆን ያስገድደዋል። ሕጉ ሲታወጅ ገበሬው እንግዳ አልሆነበትም፤ ቀድሞም በዋሱ ያውቀው ነበር።

ፈረስ በዚህ አገር ከገንዘብነት አልፎ ስም ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ እየተባሉ በፈረሳቸው ስም መጠራታቸው፣ ጌታና ፈረስ በአንድ ክብር ይቆጠሩ እንደ ነበረ ያስረዳል። የጎጃም ሰውም የፈረስን ኃይል በመከራ ጭምር ያወቀ ነው፤ በ1874 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ በእምባቦ ሜዳ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው የተማረኩበትን ቀን፣ የራስ ጎበና ዳጬ ፈረሰኞች መድረስ እንደ ወሰነው የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ። ከቡሬ በስተ ሰሜን፣ ቀድሞ ኮሶ በር በምትባለው በእንጅባራ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ደግሞ፣ ወደ ዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ለማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ፣ በግልቢያና በጉግስ ያከብራል። ፈረስን ራሱን በመታሰቢያ ውስጥ ያስገባ ማኅበር በመሆኑ በእኔ ዘንድ ከፍ ያለ ግምት አለው፤ በዚያ በዓል አካባቢ የኮርቻና የልጓም ሠሪዎች እጅ ሥራ እንዳይፈታ ማድረጉም ሌላ ውለታ ነው።

ስለ ባዝራም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የሩቅ መንገድ ተጓዡ፣ ካህኑና ነጋዴው ከፈረስ ይልቅ ሰጋር በቅሎን ይመርጣሉ፤ እርሷ ግን ከባዝራና ከድንጉላ አህያ ስለምትወለድ፣ ለራሷም ዘር ስለሌላት፣ ባዝራ በሌለበት አገር በቅሎ አይኖርም። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ የሚለው ተረት የአህያን ውለታ ይዘነጋል እንጂ፣ የባዝራይቱን አልዘነጋም። ባዝራ 11 ወር አርግዛ የምትወልድ ናትና፣ እርጉዟን ጋሪ ላይ የሚጠምድ ሰው ከአንዲት ፈረስ ጋር የወደፊቱን ሁሉ ይሰብራል።

አሁን ወደ ጋሪው እንመለስ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጎዳናዎች ባጃጅ ከበዛ በኋላም ጋሪ እህሉንና እንጨቱን ማመላለሱን አልተወም። ፈረስ በወጣትነቱ በኮርቻ፣ በጎልማሳነቱ በሥራ፣ በእርጅናው ደግሞ በጋሪ መጨረሱ የተለመደ ሆኗል፤ በየጊዜው በተሸጠ ቁጥር ደረጃው ይወርዳል፣ ከዚያም ጋር ስለ አመሉና ስለ ሕመሙ የሚያውቀው ሰው ይጠፋል። ከበሽታዎቹ ሁለቱን መጥቀስ ይበቃል። የመጀመሪያው ክረምቱ ሲያበቃ ትንኝ በሚበዛበት ወራት በቆላማው ሸለቆ የሚነሣው፣ ትንፋሹን አፍኖ ከአፍንጫው አረፋ እያስወጣ በጥቂት ቀን የሚገድለው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው፤ ለዚህ በቢሾፍቱ የሚመረት ክትባት አለ። ሁለተኛው በእግርና በአንገት ጅማት ሥር እንደ ዶቃ ተሰድሮ የሚያብጥና የሚፈነዳ ቁስል ነው፤ ከቁስል ወደ ቁስል በዝንብና በጋራ ማሰሪያ ስለሚተላለፍ፣ የጋሪ ፈረሶችን ይበልጥ ያጠቃል።

ስለዚህ በመጪው የገበያ ቀን ወደ ቡሬ የምትወርድ ገዢ፣ ጥርሱን ከማየትህ በፊት ኮርቻውን አስወርደህ ጀርባውን ዳስስ፤ ሻጩንም ክትባቱን መቼ እንደ ወሰደ ጠይቀው። ሻጭ ሆይ፣ ፈረስህን ለጋሪ የምትሸጥ ከሆነ አመሉን ብቻ ሳይሆን የታመመበትንም ዘመን ተናገር፤ የአንገት ማሰሪያውንም ከታመመ ፈረስ ላይ አንሥተህ ለጤነኛው አትስጥ። በደንብ የተያዘ ፈረስ 20 ዓመት ያልፋል፤ በ10 ዓመቱ አንተ እጅ የገባው ገና የዕድሜውን እኩሌታ ይዞ ነው።