አሮጌ «ኤንትሬ» ሲገዛ ዋጋው ያለው ከሥር ነው
ክሮቼራና ኩሽኔታ ሳይታይ የጣርማበርን ዳገት ማመን አይቻልም

ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው ከሚሴ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። የሰንበቴ የእሁድ ገበያና የባቲ የሰኞ ገበያ በዚሁ ዞን ይገኛሉ። ማሽላውም ማሾውም ከብቱም የሚጓዘው በመኪና ስለሆነ፣ የጭነት መኪና ዋጋ የነጋዴው የዘወትር ወሬ ነው።

የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ጭነት እስከተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ በዚህ መስመር ስሙ የገነነው «ኤንትሬ» የተባለው ፊያት 682 ነበር። የ682 ዘር ጣሊያን አገር መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ዛሬም ከመንገድ አልጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ ተሽከርካሪ ማስገባትን አክብዶታል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወድዷል። በዚህ ምክንያት አሮጌ መኪና ጠግኖ ማሠራት የሚያዋጣው ሰው ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ ገዢና ደላላ ሞተር አስነስተው ድምፁን ሰምተው ብቻ ቢስማሙ ገዢው ይጎዳል። ከከሚሴ ተነስቶ በሸዋ ሮቢት ቆላ አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማበር የሚወጣ ጭነት፣ ክብደቱ የሚያርፈው ካርዳኑና ጎማው ላይ ነው።

የካርዳን ክሮቼራ (መስቀለኛው መጋጠሚያ) ሲያልቅ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰጣል፣ ፍጥነት ሲጨምርም መኪናው ይንቀጠቀጣል። ጎማው ታግዶ ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ ካርዳኑን በእጅ ጠምዝዞ ማንቀሳቀስ ይበቃል፤ ክፍተት ካለው ወይም በክዳኑ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ መለወጥ አለበት። ሶማሌ ተራ ለመግዛት የሚሄድ ሰው አሮጌውን ይዞ የክዳኑን ስፋትና የመስቀሉን ርዝመት ያስለካ። ካርዳኑ ከመፈታቱ በፊት ምልክት ይደረግበት፤ ሁለቱ ጫፎች ትይዩ ሆነው ካልተገጠሙ አዲሱም ይንቀጠቀጣል። ካርዳን ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ ቢበጠስ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ስለማይችል፣ ጭነቱ የሚቀረው በፍሬን ላይ ብቻ ነው።

የፊት ጎማ በክሪክ ተነስቶ ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ። ፍሬን ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ካልጠፋ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ማስተካከል ቀላል ነው፦ አጥቦ በአዲስ ግራሶ ሞልቶ፣ ጎማውን እያዞሩ ዳዶውን ማጥበቅ፣ ከዚያ ጥቂት መመለስና መቆለፍ። የጠበቀ ኩሽኔታ ይግላል፣ ግራሶውንም ያቃጥላል፤ የላላ ደግሞ መቀመጫውን ይበላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደተባለው፣ ሳይቆለፍ የተተወ ዳዶ ጎማውን ሊያስወልቅ ይችላል። ከጥገና በኋላ ጥቂት ተጉዞ ቆሞ የአራቱን ጎማ መሐል በእጅ መንካት ይገባል፤ ከሌሎቹ ለብቻው የጋለ ካለ ይፈታ።

ሻጩ ይህን ምርመራ የሚፈቅድ ከሆነ የመለዋወጫውና የእጅ ሥራው ሒሳብ ከዋጋው ላይ ተቀንሶ ድርድሩ ይቀጥል። የሚከለክል ከሆነ ግን፣ ገዢው ብሩን ኪሱ መልሶ ሌላ መኪና ቢፈልግ ይሻለዋል።