የሠርጉ ቪዲዮ በምን ይቀናበር? የቤት ኤዲቲንግ ተረትና እውነታ

ለሚ ከተማ ላይ ዛሬ ሠርግ ሲደገስ የሚቀርጸው የፎቶ ቤቱ ባለሙያ ብቻ አይደለም። ሚዜዎቹ፣ የአክስት ልጆች፣ ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪ አድርገው የመጡት ዘመዶች ሁሉ ስልካቸውን ያነሳሉ። ድግሱ ሲያበቃ ከየስልኩ የተለቀመው ቁርጥራጭ በቴሌግራምና በፍላሽ ተሰብስቦ ከቤቱ ውስጥ "ኮምፒውተር ይችላል" ለሚባለው ልጅ ይሰጣል። "በል አንተ አቀናብረው፣ ውጭ ላሉትም እንላክላቸው" ይባላል። ልጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው "በምን ሶፍትዌር ልሥራው?" የሚለውን ነው። የሚያገኘው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ሰው የተላለፈ ወሬ ነው፤ ግማሹ ድሮ እውነት የነበረ፣ ግማሹ ጨርሶ እውነት ሆኖ የማያውቅ።

ወሬው ዋጋ ያስከፍላል። በእሱ ምክንያት ላፕቶፕ በቫይረስ ይበላሻል፣ የአያት ምርቃት ድምፅ ከአፋቸው ይለያያል፣ የልጅ ክርስትና ቪዲዮ ተሰርዞ ይቀራል። እኔ የማምነው አንድ ነገር ነው፦ ሶፍትዌር ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት ቤት ውስጥ ያለው ማሽን ምን ይችላል፣ ቪዲዮውስ በመጨረሻ የት ይታያል የሚለው ነው። ስሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

"ፕሪሚየር ካልሆነ ኤዲቲንግ አይባልም"

አዶቤ ፕሪሚየር ትልቅ መሣሪያ መሆኑን የሚክድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ወጥቶ የቴሌቪዥንና የፊልም ሰዎች በየአገሩ ሲሠሩበት የኖረ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አዲሱ ፕሪሚየር አንዴ ተገዝቶ የሚያዝ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል፤ በየወሩ ወይም በየዓመቱ በዶላር የሚከፈልበት ኪራይ ሆኗል። ለክፍያው ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ያው ዶላር በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የቤተሰብ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ይህ ወጪ አያዋጣም።

ስለዚህ ሰዉ ወደ ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው ወደ ተሰበረ ቅጂ ይሄዳል። እዚህ ላይ ሳላለሳልስ እናገራለሁ፦ ቤተሰብ ፎቶና ቪዲዮ በሚያስቀምጥበት ኮምፒውተር ላይ ክራክ አይጫን። የክራክ መመሪያ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያዘው አንቲቫይረስን ማጥፋት ነው፤ ከዚያ በኋላ አብሮ ምን እንደሚገባ የሚያይ የለም። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ በመባል የሚታወቀው ቫይረስ በዋናነት የተሠራጨው በክራክ ፕሮግራሞች በኩል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፎቶ፣ ቪዲዮና ጽሑፍ በሙሉ ይቆልፍና 980 ዶላር ይጠይቃል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ላነጋገረ "በቅናሽ" 490 ዶላር ነው የሚለው። ዒላማው ባንክ ወይም ትልቅ ድርጅት አልነበረም፤ በነፃ ሶፍትዌር አገኘሁ ብሎ የተደሰተ የቤት ተጠቃሚ ነው።

የድሮውን ዊንዶውስ ሙቪ ሜከር የሚፈልጉም አሉ፤ ቀላልና የሚወደድ ስለነበር አልፈርድባቸውም። ማይክሮሶፍት ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ማቅረቡን አቁሟል። በዚያው ዓመት መገባደጃ ኢሴት የተባለው የአንቲቫይረስ ድርጅት፣ በጉግል ፍለጋ አናት ላይ የወጣ ሐሰተኛ ሙቪ ሜከር ሰዎችን ገንዘብ ሲያስከፍል ማግኘቱን አስታውቋል። ዛሬ በዚያ ስም የሚወርድ ነገር ቢጠረጠር ይሻላል።

"ነፃ ከሆነ ጎዶሎ ነው፣ ምልክትም ያትምበታል"

ይህ ለአንዳንዶቹ እውነት ነው። ኪንማስተር በነፃ ሲሠራበት ስሙን ቪዲዮው ላይ ይለጥፋል። ቪኤን የተባለው የስልክ መተግበሪያ ግን አይለጥፍም። ካፕካትም ቢሆን ቪዲዮው መጨረሻ ላይ የሚቀጥለው የአርማ ቁራጭ ተነክቶ ይሰረዛል፤ የሚያስከፍለው "ፕሮ" የሚል ምልክት ያለባቸውን ማስዋቢያዎች ለተጠቀመ ነው።

በኮምፒውተር በኩል ሾትከትና ኬደንላይቭ ሙሉ በሙሉ ነፃ ናቸው። ምልክት የላቸውም፣ የጊዜ ገደብ የላቸውም፣ ከወረዱ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቁም። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ አካባቢ ትልቅ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት የኤዲቲንግ አገልግሎት በእንዲህ ያለ ጊዜ ከነሥራው ተዘግቶ ይቀራል።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተለየ ታሪክ አለው። አንድ ጊዜ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ በብዙ መቶ ሺህ ዶላር የሚገዙት የፊልም ቀለም ማስተካከያ ነበር። ብላክማጂክ ዲዛይን የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 የመሣሪያውን አምራች ድርጅት ገዛ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ነፃ ቅጂ ለቀቀ። ነፃው ቅጂ የሆሊውድ ፊልም በሚቀናበርበት መሣሪያ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ለሠርግ ቪዲዮ የሚጎድለው ነገር ጥቂት ነው። እንግዲህ "ነፃ ስለሆነ ደካማ ነው" የሚለው እዚህ ላይ ያበቃል። ዳቪንቺን የሚከለክለው ማሽኑ ነው፦ 16 ጊጋባይት ራምና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። በ4 ጊጋባይት የቢሮ ላፕቶፕ ላይ የጫነው ሰው ሃንግ ሲያደርግበት ቢውል ሶፍትዌሩን መውቀስ አይችልም። ሾትከት ግን ለተለመደው ኤችዲ ቪዲዮ 8 ጊጋባይት ይበቃዋል፤ ማሽኑ ከደከመም "ፕሮክሲ" የሚለውን ማብራት ነው። ያኔ በሥራው ጊዜ በትንሽ ጥራት የተዘጋጀ ቅጂ ይጠቀምና በመጨረሻ ሲያወጣ ወደ ዋናው ይመለሳል።

"ድምፁና አፉ ካልገጠመ ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል"

ይህን ቅሬታ ያልሰማ አቀናባሪ ያለ አይመስለኝም። ሽማግሌው ሲመርቁ መጀመሪያው ላይ ልክ ነው፤ አሥር ደቂቃ ሲያልፍ "አሜን" የሚለው ድምፅ አፍ ከተዘጋ በኋላ ይሰማል። ሰዉ ሶፍትዌሩን ያራግፍና ሌላ ይጭናል፤ ችግሩ ግን ያው ነው።

ምክንያቱ ያለው ስልኩ ላይ ነው። ካሜራ በሰከንድ 25 ወይም 30 ምስል እኩል እኩል እየለካ ያነሳል። ስልክ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ብርሃኑና እንደ ሙቀቱ ቁጥሩን ይቀያይራል፦ ጓሮ ፀሐይ ላይ 30 ሲያነሳ ቆይቶ ጨለም ያለ ዳስ ውስጥ ሲገባ ወደ 24 ሊወርድ ይችላል። ድምፁ በእኩል ፍጥነት ይቀጥላል። አቀናባሪው ሶፍትዌር ሁሉም ሰከንድ 30 ምስል አለው ብሎ ከቆጠረ ምስሉና ድምፁ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ለዚህ ነው አጭር ቁራጭ ላይ የማይታየው፣ ረጅም ምርቃት ላይ የሚያሳፍረው።

መፍትሔው ሶፍትዌር መቀየር ሳይሆን ፋይሉን አስቀድሞ ማስተካከል ነው። ሾትከትም ሆነ ኬደንላይቭ እንዲህ ያለ ፋይል ሲገባባቸው አውቀው "ለኤዲቲንግ ወደሚመች ልቀይረው?" ብለው ይጠይቃሉ። ብዙዎች ጥያቄውን ሳያነቡ ይዘጉታል። አይዝጉት፤ እሺ ይበሉት። ፕሪሚየርም እንዲህ ያለውን ፋይል በደንብ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ መቀየሪያ "ቋሚ ፍሬም" የሚለውን መርጦ ፋይሉን አስቀድሞ ሊያስተካክል ይችላል።

ከድምፅ ጋር የተያያዘ ሌላ እምነትም አለ፦ "ነፋሱን ኤዲት ላይ እናጠፋዋለን።" ለሚ ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሙሽሮች ለፎቶ ወደ ገደሉ ዳር ሲወጡ ነፋሱ የስልኩን ማይክ ቀጥታ ይመታዋል። ዝቅተኛውን ጉምጉምታ ሃይ ፓስ በሚባለው ማጣሪያ መቀነስ ይቻላል፤ ነፋሱ ሰውየው የተናገረውን ከሸፈነው ግን የሚመልሰው የለም። ጀርባን ለነፋሱ ሰጥቶ ስልኩን በአካል መከለል ከማንኛውም ማጣሪያ ይበልጣል።

"4ኬ አድርጌ ካወጣሁት ይጠራል"

በኤችዲ የተቀረጸ ቪዲዮ 4ኬ ተብሎ ሲወጣ ዝርዝር አይጨምርም፤ የሚጨምረው የፋይሉ ክብደት ነው። ዩቲዩብ ለ4ኬ ፋይል ሰፋ ያለ መጠን ስለሚሰጥ እዚያ ላይ ጥቂት ልዩነት ሊታይ ይችላል። ቤተሰብ በፍላሽ ለሚያየው ግን ትርፉ ድካም ነው።

እስቲ እናስላው። ለኤችዲ ቪዲዮ ዩቲዩብ ራሱ የሚመክረው በሰከንድ 8 ሜጋቢት ነው፤ ይህም በሰከንድ 1 ሜጋባይት ማለት ነው። የሁለት ሰዓት ሠርግ 7,200 ሰከንድ ስለሆነ ወደ 7.2 ጊጋባይት ይሆናል። በ4ኬ በ40 ሜጋቢት ቢወጣ 36 ጊጋባይት ነው። አሁን ፍላሹን እንይ። ቤት ያሉት ፍላሾች ብዙዎቹ ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጁ ናቸው፤ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለው "ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው" የሚል መልእክት የሚመጣው ለዚህ ነው። ቴሌግራምም በነፃ ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይልክም።

ስለዚህ ሠርጉን በክፍል በክፍል ማውጣት ነው፦ የሙሽራዋ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ድግሱ፣ መልሱ። እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ቢሆን 1.8 ጊጋባይት ነው፤ በፍላሽም ይገባል፣ በቴሌግራምም ይሄዳል። በቴሌግራም ሲላክ "ፋይል" በሚለው በኩል ይላክ፤ እንደ ቪዲዮ ከተላከ ቴሌግራም ራሱ ይጨምቀዋል። የፋይሉ ዓይነት ኤች 264 ይሁን። አዲሱ ኤች 265 ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን የቆየ ቴሌቪዥን ድምፁን ብቻ እያሰማ ምስሉን ሊከለክል ይችላል።

"ፕሮጀክቱን ሴቭ ስላደረግሁ ቪዲዮው ተርፏል"

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ስልክ ሲሞላ ሰዉ "ካፕካት ውስጥ አለ" እያለ ጋለሪውን ያጸዳል፤ ወይም ፍላሹን ለሌላ ሥራ ፎርማት ያደርገዋል። የኮምፒውተሩ ፕሮጀክት ፋይል ግን ምስል የለበትም። የያዘው "ከዚህ ፋይል ከዚህ ሰከንድ እስከዚህ ሰከንድ ውሰድ" የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ኪሎባይት የሚመዝነውም ለዚህ ነው። ዋናው ሲጠፋ ፕሮጀክቱ ሲከፈት ባዶ ሣጥን ያሳያል። ስልክ ላይም መተግበሪያው ሲራገፍ የተጀመረው ሥራ አብሮ ይጠፋል። በተቃራኒው ደግሞ "ኤዲት ሳደርግ ኦሪጅናሉን እቆርጠዋለሁ" ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ያ ፍርሃት መሠረት የለውም፤ እነዚህ ፕሮግራሞች ዋናውን ፋይል አይነኩም። የሚያጠፋው የሰው እጅ ነው። ዋናዎቹ ቁርጥራጮች በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ በኮምፒውተሩና በተለየ ሃርድ ዲስክ ላይ ሳይቀመጡ ምንም አይሰረዝ። መብራት ድንገት በሚሄድበት ቤት ደግሞ ሶፍትዌሩ በራሱ ሴቭ ማድረጉን ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

"አማርኛ አይቀበልም"

ይህ ቀድሞ እውነት ነበር። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት የግእዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ርእስ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። አሁን በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በሾትከትም በዳቪንቺም ይነበባል፤ ኒያላ፣ ኤብሪማ፣ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ይመረጥ። ስልክ ላይ የፎንቱን ስም ቢቀያይሩም ፊደሉ የማይለወጠው የተመረጡት ፎንቶች ግእዝ ስለሌላቸው ነው፤ ስልኩ የራሱን እየተካ ነው። አንዳንዶቹ መተግበሪያዎች ከውጭ የወረደ ፎንት ማስገባት ይፈቅዳሉ።

እንግዲህ ምን ይጫን? ስልክ ብቻ ላለው ቪኤን ወይም ካፕካት ይበቃዋል፤ "ኮምፒውተር የሌለው አያቀናብርም" የሚለው ጊዜው ያለፈበት ነው። 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ ላለው ሾትከት፤ ጠንካራ ማሽንና ለመማር ትዕግሥት ላለው ዳቪንቺ። የተመረጠው ምንም ይሁን፣ ሙሉውን ሠርግ ከመጀመር በፊት አንድ ደቂቃ ቁራጭ ይወሰድ፤ አንድ የአማርኛ ርእስ፣ አንድ ዘፈን፣ የሚናገር ሰው ያለበት ይሁን። ከወጣ በኋላ በፍላሽ ተገልብጦ ሳሎኑ ቴሌቪዥን ላይ ይከፈት፤ ለዘመድም በቴሌግራም ተልኮ ፊደሉ መነበቡ፣ ድምፁም ከአፉ ጋር መግጠሙ ይጠየቅ።