የስካይዎከር ቤተሰብ፦ ደም ዕጣ ፈንታ ነውን?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ብሂላችን። ለመሆኑ ይህ አባባል በሳይንስ ሚዛን ሲቀመጥ ምን ያህል ይጸናል? የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ ለጥያቄው ያነሣሣው አንድ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ነው፤ ባለታሪኮቹ ግን ከቶ ያልተወለዱ ሰዎች ናቸው።

ክርስቲን ቤቨር እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተመችው ይህ መጽሐፍ፣ ከ1977 ጀምሮ በተከታታይ የወጡት የ«ስታር ዎርስ» ፊልሞች የሚተርኩለትን የስካይዎከር ቤተሰብ በእውን እንደኖረ አድርጎ ያቀርባል። አናኪን የተባለው የባሪያ ልጅ ጨካኙን ዳርት ቬደርን ሆነ፤ መንትያ ልጆቹ ሉክና ሌያ ተለያይተው አደጉ፤ የሌያ ልጅ ቤን ደግሞ የአያቱን የጥፋት ጎዳና ተከተለ። ለፊልሞቹ አፍቃሪ፣ የተበታተነው ታሪክ በአንድ የዘር ሐረግ ተሰድሮ ማየት ደስ ያሰኛል። ይሁንና ታሪኩ በዘር ሐረግ ሲታይ፣ ጥፋትም ደግነትም በደም የሚተላለፉ ይመስላሉ። አቅራቢው የማይስማማው እዚህ ላይ ነው።

በ1999 የወጣው ፊልም፣ የአናኪን ልዩ ኃይል በሴሎች ውስጥ ከሚኖሩ «ሚዲ-ክሎሪያን» ከተባሉ ረቂቅ ፍጥረታት ጋር የተያያዘ መሆኑን ይነግረናል። እነዚህ ምናባዊ ፍጥረታት በእኛም ሴሎች ውስጥ ያለውን ሚቶኮንድሪያ ያስታውሳሉ። ለሴል ጉልበት የሚያመነጨው ሚቶኮንድሪያ በጥንት ዘመን ራሱን የቻለ ባክቴሪያ እንደነበር ሊን ማርጉሊስ በ1967 ባሳተመችው ጽሑፍ ተሟግታለች፤ ዛሬ ሐሳቡ በሰፊው ተቀባይነት አለው። ሚቶኮንድሪያ 37 ዘረ-መሎችን የያዘ የራሱ ዲ.ኤን.ኤ. ያለው ሲሆን፣ ወደ ልጆች የሚተላለፈው ከእናት ነው። እንግዲህ ሚዲ-ክሎሪያንም ይህን ሕግ ቢከተሉ ኖሮ፣ ሉክና ሌያ የሚወርሱት የእናታቸውን የፓድሜን እንጂ የአባታቸውን አይሆንም ነበር!

ስለ ባሕርይስ? ሉክና ሌያ ከሁለት እንቁላሎች የተገኙ መንትዮች ስለሆኑ፣ እንደ ማናቸውም እኅትና ወንድም፣ ሰው ከሰው በሚለያይባቸው ዘረ-መሎች በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ። አንዱ በበረሃ እርሻ፣ ሌላዋ በቤተ መንግሥት አደጉ፤ ሁለቱም አምባገነንነትን ተዋጉ። ቤን ግን በእነዚሁ ጀግኖች እጅ አድጎ ወደ ክፋት አዘነበለ። ስለዚህ ደምም ሆነ አስተዳደግ ብቻውን ፍርዱን አልሰጠም። ተመራማሪዎች በመቶኛ የሚገልጹት የውርስ መጠንም ቢሆን፣ በብዙ ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያብራራል እንጂ የአንድን ግለሰብ ዕጣ አይተነብይም።

ውድ አንባቢ፣ «አባቱን መሰለ» የሚለው ቃል በክፉ ትርጉሙ የተነገረበት ወጣት ጥቂት አይደለም። በ2019 በወጣው ፊልም፣ የክፉው ንጉሠ ነገሥት የልጅ ልጅ የሆነችው ሬይ፣ በደም የማትዛመደውን የስካይዎከርን ስም በፈቃዷ ወሰደች። የቤተሰቡ እውነተኛ ወራሽ እርሷ ትመስለኛለች። ዘር በእርግጥ ይስባል፤ ልጓሙን የሚይዘው ግን ፈረሰኛው ነው።