እውነት ወይስ ተረት? ድምፅ ውሃን በረዶ ያደርጋል?

ፍሪዘር ውስጥ ቆይቶም ፈሳሽ እንደሆነ የወጣ የታሸገ ውሃ፣ ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ መታ ሲደረግ በሰከንዶች ውስጥ በረዶ ይሠራል። ይህን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች እውነተኛ ናቸው። አብሮ የሚነገረው ማብራሪያ ግን ተረት ነው፦ «ንዝረት ውሃን ያቀዘቅዛል፤ አልትራሳውንድ ደግሞ ብርቱ ንዝረት ስለሆነ ማንኛውንም ውሃ በረዶ ያደርጋል።»

አልትራሳውንድ በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ፣ ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ መጨረሻ ላይ ሙቀት ይሆናል። በረዶ የሚያስነሣውም ውሃው አስቀድሞ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ወርዶ ፈሳሽ ሆኖ ከቆየ ብቻ ነው።

«ከ0 በታች ፈሳሽ ውሃ የለም» የሚሉም አሉ፤ ይህም ልክ አይደለም። 0 ዲግሪ በረዶ የሚቀልጥበት ልክ ነው። በረዶ ለመጀመር ግን መነሻ ያስፈልጋል፦ ጥቂት ሞለኪውሎች ተሰባስበው የበረዶን ቅርጽ መያዝ አለባቸው። ስብስቡ በጣም ትንሽ ከሆነ መልሶ ይበተናል፤ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ያድጋል። ብዙ ጊዜ አቧራ ወይም የዕቃው ግድግዳ ያግዘዋል። ንጹሕ የሆኑ ጥቃቅን ጠብታዎች ግን እስከ -38 ዲግሪ ገደማ ፈሳሽ ሆነው ይቆያሉ። የፊዚክስ ሊቁ ፋራናይት ውሃ ከመቅለጫው በታች ፈሳሽ ሆኖ መቆየቱን የዘገበው እ.ኤ.አ. በ1724 ነው።

አልትራሳውንድ ይህን መነሻ የሚሰጠው በአረፋ በኩል ነው። የድምፁ ሞገድ ውሃውን ሲስበው ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ይነፋሉ፤ ሲጨምቀው ወደ ውስጥ ይደረመሳሉ። በዚያች ቅጽበት የታመቀው ጋዝ በሺዎች በሚቆጠር ዲግሪ ሊግል ይችላል። በረዶ ከእንዲህ ያለ ግለት አጠገብ መወለዱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ጋዙ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ግለቱም ከማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጠፋል።

ታዲያ «ግፊቱ ውሃውን ጨምቆ በረዶ አደረገው» ብሎ መደምደም ይቻላል? እንዲህ በቀላሉ አይደለም። ተራው በረዶ ከውሃ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ግፊት ይቃወመዋል፦ በ2,100 ባር ገደማ መቅለጫው ወደ -22 ዲግሪ ይወርዳል። ፐርሲ ብሪጅማን በ1912 በሃርቫርድ ያጠናቸው፣ በከፍተኛ ግፊት የሚፈጠሩ የበረዶ ዓይነቶች ግን ከውሃ ይከብዳሉ፤ ከ6,300 ባር ገደማ በላይ መቅለጫቸው ከ0 ያልፋል። ሮበርት ሂክሊንግ በ1965 ያቀረበው ሐሳብ በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ አረፋው ሲደረመስ እንዲህ ያለ ግፊት ይፈጠራል፣ መነሻውም በዚያ ይበቅላል። ሌሎች ደግሞ ከመደርመሱ ተከትሎ የሚመጣውን የመሳብ ኃይል ያነሣሉ፤ መሳብ የተራውን በረዶ መቅለጫ ከፍ ያደርጋልና። ክርክሩ አልተዘጋም። አረፋው ራሱ በረዶ እንደሚያስነሣ ግን በሙከራ ታይቷል፦ ተመራማሪዎቹ ኦሳካና ትሪን በ1998 አንዲት አረፋ ብቻ በድምፅ እያነፉና እያኮማተሩ በረዶ አስጀምረዋል።

የአረፋዎቹ ሥራ በዚህ አያበቃም። የተፈጠሩትን የበረዶ ክሪስታሎች ይሰባብራሉ፤ ስባሪው ሁሉ አዲስ መነሻ ይሆናል።

«ውሃው በቅጽበት ሙሉ በሙሉ በረዶ ይሆናል» የሚለውም አያስኬድም። ውሃ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃል። በ-10 ዲግሪ የነበረ ውሃ ሲጀምር አንድ ስምንተኛው ገደማ በረዶ እንደሆነ ሁሉም ወደ 0 ይመለሳል፤ የቀረው ፍሪዘሩ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ሲያወጣለት ይከተላል።

መድኃኒት በረዶ ተደርጎ በሚደርቅበት ሥራ ይህ እውቀት ይጠቅማል። እያንዳንዱ የመድኃኒት ብልቃጥ በየራሱ ዲግሪ በረዶ ስለሚጀምር የክሪስታሉ መጠን ይለያያል። በተመረጠው ዲግሪ ላይ አጭር የአልትራሳውንድ ምት ሲሰጥ ግን ብልቃጦቹ በተቀራረበ ጊዜ ይጀምራሉ። ምቱ ከረዘመ ፈሳሹን ያሞቀዋል።