«ግሉኮስ ትከሉልኝ»፦ ስለማይለቅ ድካምና ድብርት ተረትና እውነታ

አክስቴ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ» ተብላ፣ ሦስት ጊዜ ሲፕሮና ዶክሲ ውጣ ጨርሳለች። መድኃኒቱን ስትጨርስ ለሳምንት ያህል ሻል ይላትና ተመልሳ ያው ትሆናለች። ጠዋት ከአልጋ መነሳት ይከብዳታል፣ ሊጥ ማቡካት ያታክታታል። ጎረቤት ለቡና መጥራት ከተወች ከርሟል። ለአራተኛ ጊዜ ስትሄድ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል ክንዷን ዘርግታ «እባክህ ዶክተር፣ አንድ ግሉኮስ ትከሉልኝ» አለች። ተተከለላት፣ ከፍለን ወጣን። ስለ እንቅልፏ የጠየቃት አልነበረም። ስለ ወር አበባዋም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ድካምና ስለ ድብርት በየቤቱ የሚባለውን ጆሮ ሰጥቼ ሳዳምጥ ቆይቻለሁ። አብዛኛው አባባል ግማሽ እውነት አለው፤ ሰውን የሚያሳስተውም ያ ግማሽ ነው።

ተረት፦ «አቅም ያጣ ሰው ግሉኮስ ያስፈልገዋል»

ባለ 5 በመቶ የሚባለው ግሉኮስ በአንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር ይይዛል። በሻይ ማንኪያ ቢሰፈር ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ማንኪያ ቢሆን ነው፤ የቀረው ውኃ ነው። ጣፋጭ የሚወድ ሰው በሦስት ብርጭቆ ሻይ ይጨርሰዋል። በአፉ ለሚበላና ለሚጠጣ ሰው በደም ሥር መግባቱ ከሻዩ የተለየ ነገር አያመጣለትም። አንድ ሰዓት ጋደም ማለቱ፣ ነርሷ መጥታ «አይዞሽ» ማለቷ፣ «ታከምኩ» የሚለው ስሜት ግን በእርግጥ ያሽላል። ለዚህም ነው መሻሉ ሁለት ቀን ሳይሞላው የሚጠፋው። ስኳር ሕመም እንዳለበት ሳያውቅ የደከመው ሰው ላይ ደግሞ ግሉኮስ መትከል በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው።

ተረት፦ «ታይፎይድ ነው፤ ምርመራው አሳይቷል»

በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን ነገር ነው። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ታይፎይድ የነበረበት ሰውም፣ ሌላ ኢንፌክሽን የያዘውም «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል። ታይፎይድ በብዛት በሚገኝበት አገር አንድ የዊዳል ውጤት ብቻውን ብዙም አያስተማምንም፤ ጀርሙን ራሱን የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው። ታይፎይድ ደግሞ በዋነኛነት የትኩሳት በሽታ ነው። ትኩሳት ሳይኖር ለስድስት ወር የዘለቀ ድካም ታይፎይድ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። የከነከነኝ ያለ አግባብ የተዋጠው አንቲባዮቲክ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱ ተገኘ ተብሎ ፍለጋው መቆሙ ነው።

ተረት፦ «ጤፍ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም»

ይህን ከሐኪም አፍ ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። ጤፍ ብረት አለው፤ እውነት ነው። ነገር ግን በየመጽሐፉ የሚጠቀሰው ከፍተኛ ቁጥር ሰፊ ድርሻው ከአውድማው አፈር የመጣ ነው። እህሉ በከብት ሲበራይ አፈሩ ይቀላቀላል፤ ታጥቦ ሲለካ ብረቱ በእጅጉ ይቀንሳል። የአፈሩን ብረት ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ብረቱን አስሮ ይይዘዋል፤ በእርሾ መቡካቱ ይህን በመጠኑ ያላላዋል።

በዚያ ላይ ልማዳችን አለ። ከምሳ ተነስተን በቀጥታ ወደ ቡና፣ ካልሆነም ወደ ሻይ ነው የምንሄደው። ሁለቱም ከምግቡ ጋር ሲገናኙ የብረቱን መመጠጥ ይቀንሳሉ። ቡናውን ይተዉት የሚል የለም፤ እኔም አልተውም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ግን ይቻላል። ከወጡ ጎን አንድ ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ደግሞ በተቃራኒው ብረቱን ያግዛል።

ቁጥሩም ወጥመድ አለው። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን ከ12፣ ለወንድ ከ13 ካነሰ ደም ማነስ ይባላል። ይህ ግን የቆላ ልክ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በከፍታ የሚኖር ሰው የተፈጥሮ ልኩ ከዚህ ከፍ ይላል። ስለዚህ «12 ነው፣ ኖርማል ነው» የተባለች የአዲስ አበባ ሴት በእርግጥ ደሟ ያነሰ ሊሆን ይችላል። የአክስቴ በኋላ ሲለካ 9.6 ነበር። ምክንያቱ ግን ምግብ አልነበረም፤ ወደ ማረጫዋ ስትቃረብ የወር አበባዋ በዝቶ በወር ዘጠኝና አሥር ቀን ይፈስሳት ነበር። አፍራ አልተናገረችም፣ የጠየቃትም አልነበረም። በወንድ ላይ የሚገኝ ደም ማነስ ደግሞ በኪኒን ብቻ የሚሸኝ አይደለም፤ ደሙ የሚፈስበት ቦታ፣ ጨጓራም ሆነ የመንጠቆ ትል ያለበት አንጀት፣ መፈለግ አለበት።

የድካም ምንጭ ደም ማነስ ብቻ አይደለም፤ እንቅርትም አለ። የእንቅርት ዕጢ ሲዳከም ሰው ይበርደዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ይወፍራል፣ ይደብረዋል። አንገት ላይ እብጠት ላይታይም ይችላል። በአገራችን ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። አዮዲኑ ግን ጨው ክፍት ከተቀመጠ ይበንናል፤ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይሻላል። ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ ኩላሊት፣ እርግዝና፣ የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት፣ በማንኮራፋት መሃል ትንፋሽ መቋረጥ፣ እነዚህ ሁሉ በድካም ሊጀምሩ ይችላሉ።

ተረት፦ «ምርመራው ነጻ ከሆነ ምንም የለብሽም»

ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር «ደብሮኛል» ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ራሴን ይወቅረኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «አቅም አጣሁ» እንላለን። ውሸት አይደለም፤ ድብርት በእርግጥ ሰውነትን ያማል። ሐኪሙም ሰውነቱን ብቻ መርምሮ «ነጻ ነህ» ይላል። በሽተኛው ነጻ የተባለውን ወረቀት ይዞ እያነከሰ ይመለሳል።

ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ቀኑን አብዛኛውን ጊዜ፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከተከፋ ወይም ቀድሞ ደስ ይለው የነበረው ነገር ምንም ካልመሰለው፣ ከዚያም ጋር እንቅልፉ፣ የምግብ ፍላጎቱ፣ ሐሳቡን መሰብሰቡ፣ አቅሙ ከተዛባ፣ ራሱን ያለ ልክ ከወቀሰ፣ ሐኪሞች ድብርት (ድባቴ የሚሉትም አሉ) ብለው ያስባሉ። ለዚህ የሚያገለግል ዘጠኝ ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ አለ፤ በአማርኛም ተዘጋጅቶ በኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። ላቦራቶሪም ማሽንም አይፈልግም።

አክስቴን በመጨረሻ የጠየቃት የሰፈር ጤና ጣቢያ ነርስ ነው። ልጅ እግር ነው፤ ካርዱን ወደ ጎን አድርጎ «እናቴ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» አላት። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ ጣራ ጣራ አያለሁ» አለችው። «ቀድሞ የሚወዱትን ነገር አሁንም ይወዱታል?» ሲላት ዝም አለች። የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየችና «ልጄ ቤሩት ከሄደች ወዲህ ቡና አፍልቼ አላውቅም» አለች። ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እኔ የቅርብ ሰዋ ነኝ ባይ፣ ይህን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ደም ማነሱም ድብርቱም ሁለቱም ነበሩ። «ከሁለቱ የትኛው ነው?» ብሎ አንዱን መጣል ነበር ዓመቱን ያባከነው።

ተረት፦ «ድብርት የሀብታም ቅብጠት ነው»

በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ለዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች ድብርትን ገበሬው ቤትም አግኝተውታል። ሌላ መልስ አያስፈልገውም።

ተረት፦ «ጸበል የያዘ ሰው ኪኒን አይውጥም»

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለዚያ ከሠራ ለድብርት መድኃኒት የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ጸበልተኛው ለሐኪሙ፣ ሐኪሙም ለጸበልተኛው ቢነግረው ይበጃል።

ተረት፦ «ጫት ድብርት ያባርራል»

ምርቃናው ላይ እውነት ይመስላል። የሚቅመው ሰው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ያውቀዋል፦ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ጨብሲው የሚያበላሸው እንቅልፍ፣ ያልቃመ ለት ዱካክ፣ ጠዋት ድብት ማለት። ያንን ለማባረር ደግሞ እንደገና ጫት። ለሐኪም ሲነገር ይህ መደበቅ የለበትም፤ ካልተነገረ የድካሙ ምክንያት አይገኝም።

ተረት፦ «ሕክምናው አማኑኤል ነው፤ ኪኒኑም ሱስ ያስይዛል»

አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታላችን ስለነበር ስሙ ራሱ ስድብ እስከ መሆን ደርሷል። ዛሬ ግን ድብርት በአጠቃላይ ሆስፒታልና በሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያም ይታከማል። በብዛት የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊንና ፍሎክሲቲን ናቸው። እንደ ጫት ወይም እንደ አልኮል ሱስ አያስይዙም። ግን አይቸኩሉም፦ ለውጥ የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ነው፣ የአፍ መድረቅ ወይም ማቅለሽለሽ ግን ቀድሞ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በዚህ መሃል ነው። ከተሻለም በኋላ ለወራት ይቀጥላል፤ የሚቆመውም ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ምክር ነው። ቀለል ላለ ድብርት ያለ ኪኒን በንግግር ሕክምና ብቻ የሚሻላቸው ብዙዎች ናቸው።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ እስኪጠየቁ አይጠብቁ። እንቅልፍዎን፣ የወር አበባዎን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የሞተብዎትን ወይም የራቀብዎትን ሰው ይናገሩ፤ የደም፣ የስኳርና የእንቅርት ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለው ይጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን «መኖሬ ምን ይረባል» የሚል ሰው አጠገብዎ ካለ አይቆጡት፣ ብቻውንም አይተዉት። ሊጎዳበት የሚችለውን መድኃኒትና የአረም መርዝ ከቤት ያውጡ፤ ዛሬውኑ አብራችሁ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ።