የሰላም አስከባሪ ጦር ወጪ ከማን ኪስ ይወጣል?
የኮንጎው ዘመቻ ሒሳብ ለነጋዴ የሚያስተምረው



በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ ከጥቂት ጊዜ በፊት ብዛት ያለው ብርድ ልብስ ለአንድ የርዳታ ድርጅት በዱቤ ሸጡ። ብርድ ልብሱ ጦርነት ከአገራቸው ላባረራቸው ስደተኞች የሚታደል ነበር። ዕቃው በቀጠሮው ቀን ተጭኖ ሄደ፤ መረከቢያውም ተፈርሞ መጣ፤ ገንዘቡ ግን ስምንት ወር ሙሉ ዘገየ። በየወሩ ለጻፍኩት ደብዳቤ ትሕትና የተመላ መልስ ይደርሰኝ ነበር፤ መልሱም ዘወትር አንድ ነው፤ ይኸውም «ለመስጠት ቃል የገባው መንግሥት ገንዘቡን ገና ስላላስገባልን ጥቂት ይታገሡን» የሚል ነው። በዚያ ስምንት ወር ውስጥ የባንኩ ወለድ አልታገሠንም፤ ከመጋዘኑ ሠራተኞችም ሁለቱ ተሰናበቱ። ገንዘቡ በመጨረሻ ቢከፈልም ትርፉን ወለዱ በልቶት ቆየ።

አንድ ቀን ማታ አሠሪዬ የሒሳብ መዝገቡን ዘግተው «ለመሆኑ ይህ የርዳታና የሰላም ማስከበር ገንዘብ የሚባለው ከማን ኪስ ነው የሚወጣው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የጨረስኩ፣ ብዙ ዓመትም ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩ ብሆንም የማጠግብ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አንብቤ የተረዳሁትን፣ ለሌሎችም ነጋዴዎች ይጠቅም ይሆናል በማለት ከዚህ እንደሚከተለው አቀርባለሁ። ለምሳሌ የመረጥኩት አገራችን ከፍ ያለ ድርሻ የነበራትን የኮንጎን ዘመቻ ነው፤ ምክንያቱም የሰላም ማስከበር ሒሳብ ከነችግሩ ተገልጦ የታየው በዚያ ዘመቻ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ልዩ ልዩ ከረጢቶች መኖራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው የመዋጮ ከረጢት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል የሆነ መንግሥት ሁሉ እንደ ሀብቱ መጠን የተመደበበትን ድርሻ ወደዚህ ከረጢት እንዲያስገባ በድርጅቱ ቻርተር 17ኛ አንቀጽ ግዴታ አለበት። ሁለተኛው የፈቃድ ከረጢት ነው። ለተራበው እህል፣ ለታመመው መድኃኒት፣ ለስደተኛው ብርድ ልብስ የሚገዛው በአብዛኛው ከዚህ ነው፤ ወደዚህም ከረጢት መንግሥታት የሚያስገቡት በፈቃዳቸው፣ በወደዱት መጠንና በወደዱት ጊዜ ነው። እንግዲህ ለሰላም አስከባሪው ወታደር የሚሆነው ገንዘብ ዕዳ ሲሆን፣ ለተፈናቃዩ የሚሆነው ገንዘብ ስጦታ ነው ማለት ነው። የአሠሪዬም ብርድ ልብስ የተሸጠው ለሁለተኛው ከረጢት ነበር።

አሁን ወደ ኮንጎ እንለፍ። ኮንጎ ከቤልጅግ አገዛዝ ነፃ የወጣችው ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከኮንጎ ተወላጆች ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሐኪም የሆነ ግን አንድም አልነበረም። ነፃነቱ አንድ ሳምንት ሳይሞላው ወታደሮች በቤልጅግ መኮንኖቻቸው ላይ ዐመፁ፤ ቤልጅግም ዜጎቼን አድናለሁ ስትል ጦሯን መልሳ አስገባች። ሐምሌ 4 ቀን ደግሞ በማዕድን የከበረችው የካታንጋ ክፍለ ሀገር በሞይዝ ቾምቤ መሪነት መገንጠሏን አወጀች። ፕሬዚዳንቱ ካዛቩቡና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሉሙምባ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አቤት ስላሉ የጸጥታው ምክር ቤት ሐምሌ 7 ቀን 1952 ዓ.ም. ጦር እንዲላክ ወሰነ።

የኢትዮጵያ መንግሥት ለዚህ ጥሪ ፈጥነው መልስ ከሰጡት አንዱ ነበር። ውሳኔው በተሰጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከኢትዮጵያ፣ ከጋና፣ ከሞሮኮና ከቱኒዚያ የተውጣጡ 3,500 ያህል ወታደሮች ኮንጎ ገቡ። «ጠቅል ብርጌድ» የተባለው የኢትዮጵያ ጦር መጀመሪያ በስታንሌይቪል፣ ዛሬ ኪሳንጋኒ በምትባለው ከተማና በአካባቢዋ ተመደበ፤ ኋላም በካታንጋው ውጊያ ተካፈለ። በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮጵያ ሴበር የተባሉ ጄት አውሮፕላኖቿን ላከች፤ እነርሱም ከስዊድንና ከሕንድ አውሮፕላኖች ጋር ተሰልፈው አገለገሉ። ቀደም ሲል በኮሪያ የኢትዮጵያን ዘማች ጦር የመሩት ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬም ከ1954 እስከ 1955 ዓ.ም. የጠቅላላው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ሆነው ሠርተዋል።

ለነጋዴ ጎልቶ የሚታየው ግን የጦሩ ውሎ ብቻ አይደለም። የካታንጋ መገንጠል ከሥሩ ሲመረመር የግብርና የቀረጥ ጉዳይ ነበረበት። ዩኒየን ሚንየር የተባለው ታላቅ የማዕድን ኩባንያ ከመዳብና ከኮባልት የሚያገኘውን ትርፍ ግብር ለማዕከላዊው መንግሥት መክፈሉን ትቶ ለቾምቤ መንግሥት ይከፍል ጀመር። በዚህ ምክንያት የሌኦፖልድቪል መንግሥት ግምጃ ቤት ባዶ ሲሆን፣ ካታንጋ ግን ቅጥረኛ ወታደር የምትገዛበት ገንዘብ አገኘች። በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ዋና ጸሐፊው ኡ ታንት ያቀረቡት የዕርቅ ዕቅድ ከያዛቸው ፍሬ ነገሮች አንዱ የካታንጋ ገቢ ለማዕከላዊው መንግሥትና ለክፍለ ሀገሩ እኩል በእኩል ይካፈል የሚል መሆኑ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። መገንጠሉ በጥር 1955 ዓ.ም. በጦር ኀይል አከተመ።

የሰብአዊ ርዳታው ሥራ ከጦሩ ጎን ለጎን ይካሄድ ነበር። የቤልጅግ ሐኪሞች አብዛኞቹ አገሩን ጥለው ስለ ሄዱ የዓለም ጤና ድርጅትና ቀይ መስቀል ሐኪሞች አስገቡ፤ የኮንጎም የሕክምና ረዳቶች ሐኪም ሆነው እንዲመለሱ ወደ ፈረንሳይ አገር ለትምህርት ተላኩ። በደቡብ ካሳይ ባኩዋንጋ በተባለች ስፍራ፣ ዛሬ ምቡጂ ማዪ በምትባለው፣ የጎሣ ጠብ ያፈናቀላቸው በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የባሉባ ሰዎች ተሰብስበው በ1953 ዓ.ም. በረኀብ ያልቁ ጀመር። ረኀቡ በበረታበት ጊዜ በቀን 200 ያህል ሰው ይሞት እንደ ነበረ ተነግሯል። ዋና ጸሐፊው ሐማርሾልድ ለዓለም መንግሥታት ልመና አቅርበው እህልና መድኃኒት በአውሮፕላን ተላከ። ያ እህል የተገኘው ከፈቃዱ ከረጢት መሆኑን ልብ ይሏል።

እህልና ሐኪም ቢገኝም መንገድ ከሌለ ከንቱ ነው። ኮንጎ ወደ ባሕር የምትወጣበት ዋናው በር ማታዲ የተባለው የወንዝ ወደብ ነው። መርከብ መሪዎቹና የጠረጋው ሠራተኞች ሲሄዱ የታችኛው ኮንጎ ወንዝ በደለል ይሞላ ስለ ጀመረ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባለሙያ አስመጥቶ ደለሉን ማስጠረግና ወደቡን ማንቀሳቀስ ግድ ሆነበት። በየካቲት 1953 ዓ.ም. መጨረሻም በማታዲ የነበረው ጥቂት የሱዳን ጦር በኮንጎ ወታደሮች ተገፍቶ በወጣ ጊዜ፣ የጠቅላላው ዘመቻ ስንቅ የሚያልፍበት ጉሮሮ ታነቀ። ወደብ የተዘጋበት ነጋዴ ይህን ያለ ማስረጃ ይረዳዋል።

እንግዲህ የወጪውን ሒሳብ እንመልከት። ጦሩ በበዛበት ጊዜ ወደ 20,000 ሰው ይደርስ ነበር፤ የኢትዮጵያ ድርሻም ሦስት ሺህ ያህል ነበር። ወጪው በወር 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስለ ደረሰ፣ የዓመቱ ወጪ ከድርጅቱ መደበኛ ባጀት ይበልጥ ነበር። ከ1952 እስከ 1956 ዓ.ም. በጠቅላላው 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣ፤ 250 ሰዎችም ሕይወታቸውን ሰጡ፤ ዋና ጸሐፊው ሐማርሾልድም መስከረም 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ስለ ካታንጋ ለመነጋገር ሲጓዙ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ።

ዘመቻው የሁሉ ነው ተብሎ ቢወሰንም ክፍያው የሁሉ አልሆነም። ሶቪየት ኅብረት ወጪው በሕግ አልተፈቀደም፣ መክፈል የሚገባውም ችግሩን ያመጣው ነው ስትል እምቢ አለች፤ ፈረንሳይም ጠቅላላው ጉባኤ እንዲህ ያለውን ወጪ በግድ ሊያስከፍለኝ አይችልም ብላ ተቃወመች። ድርጅቱ ዕዳ ውስጥ ሲገባ እንደ ማንኛውም የንግድ ቤት ወደ ብድር ሄደ። ታኅሣሥ 11 ቀን 1954 ዓ.ም. ጠቅላላው ጉባኤ በመቶ 2 ወለድ የሚከፈልበት፣ በ25 ዓመት የሚመለስ፣ እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቦንድ እንዲሸጥ ፈቀደ፤ ከዚህም ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር የሚሆነው ተሸጠ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ሐምሌ 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በ9 ድምፅ በ5 ላይ ወጪው የድርጅቱ ወጪ ነው የሚል የምክር አስተያየት ሰጠ። እምቢ ያሉት ግን በዚያን ጊዜም አልከፈሉም።

በቻርተሩ 19ኛ አንቀጽ መሠረት የሁለት ዓመት መዋጮ የሚያህል ውዝፍ ያለበት አባል በጉባኤው ድምፅ የመስጠት መብቱን ያጣል። ይህን በታላላቅ መንግሥታት ላይ ለመፈጸም በታሰበ ጊዜ ድርጅቱ እንዳይፈርስ ስለ ተፈራ፣ የ1957 ዓ.ም. ጉባኤ ድምፅ መስጠትን በመሸሽ ዓመቱን አሳለፈ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አሜሪካ አንቀጹ ይፈጸም የሚለውን ክርክሯን ስለ ተወች ነገሩ በዝምታ ታለፈ። በንግድ ቤት ቋንቋ ብንናገረው ዕዳው ሳይከፈል መዝገቡ ተዘጋ።

ከዚህ መከራ በኋላ አሠራሩ ተሻሽሏል። በ1966 ዓ.ም. ለሰላም ማስከበር የተለየ የመዋጮ ሚዛን ተደነገገ፤ በእርሱም መሠረት የጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ አባላት ከመደበኛ ድርሻቸው ከፍ አድርገው ሲከፍሉ፣ እንደ ኢትዮጵያ ያሉት በልማት ወደ ኋላ የቀሩ አገሮች ከመደበኛ ድርሻቸው አንድ ዐሥረኛውን ብቻ ይከፍላሉ። ወታደር ለሚልክ መንግሥትም በ1967 ዓ.ም. በአንድ ሰው በወር 500 ዶላር እንዲተካለት ተወሰነ፤ ይህም ልክ በየጊዜው እያደገ በሰኔ 2010 ዓ.ም. 1,428 ዶላር ደርሶ ነበር። ይህ ገንዘብ የሚከፈለው ለመንግሥቱ እንጂ በቀጥታ ለወታደሩ አይደለም። ተሽከርካሪና መሣሪያ ይዞ ለሚመጣውም የተለየ ኪራይ ይታሰብለታል። ይሁን እንጂ መዋጮ ከፋዮች ሲዘገዩ መተኪያውም ስለሚዘገይ፣ በመካከሉ የጦሩን ቀለብና ደመወዝ የሚሸከመው ላኪው መንግሥት ነው። ኢትዮጵያ ከኮንጎ በኋላ በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ፣ በ1996 ዓ.ም. በላይቤሪያ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም ለብዙ ዓመት በአብዬ ጦር ስታሰማራ እንዲህ ያለውን ሸክም ተሸክማለች።

ችግሩ ጨርሶ አልተወገደም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በመዋጮ መጓደል ምክንያት በዘጠኝ ዘመቻዎች ካሉት ሰላም አስከባሪዎች አንድ አራተኛ ያህሉን እንደሚቀንስ አስታውቋል። ከእነዚህም አንዱ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢና ጦር ዳግመኛ ያልተለዩት ያው የኮንጎ ምድር ነው። የመዋጮው ከረጢት፣ ግዴታ ያለበት እንኳ እንዲህ ከጎደለ፣ የፈቃዱ ከረጢት ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል አንባቢው ይገምተው።

ከዚህ ሁሉ ለነጋዴ የሚተርፈው ምክር ይህ ነው። ለርዳታ ሥራ ዕቃ እንዲያቀርብ የተጠየቀ ነጋዴ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ገንዘቡ በባንክ የገባ ነው ወይስ ገና ቃል የተገባ? ሁለተኛ፣ የሚከፈለው ዕቃው በተረከበ በስንት ቀን ነው? ቀኑስ በውሉ ተጽፏልን? ሦስተኛ፣ ክፍያው ቢዘገይ ወለዱን የሚሸከመው ማን ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «ቃል የተገባ» ከሆነ ነጋዴው ቅድሚያ ክፍያ ወይም የባንክ ዋስትና ይጠይቅ፤ ይህ ካልተቻለም ዕቃውን በየጊዜው ከፋፍሎ ያስረክብ። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ርኅራኄ ማጣት አይደለም፤ የከሠረ ነጋዴ ለሚቀጥለው ስደተኛ ብርድ ልብስ ሊያቀርብ አይችልምና።

አሠሪዬ ይህን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ፤ ቀጥሎም «ብርድ ልብሱን በመሸጤስ አልጸጸትም፤ የጸጸተኝ ሳልጠይቅ መፈረሜ ነው» አሉኝ። ባለፈው ወር ሌላ የርዳታ ድርጅት መጥቶ ሸራ በጠየቀ ጊዜ ሦስቱን ጥያቄዎች በደብዳቤ ጽፌ እንድልክ አዘዙኝ። መልሱ በአምስተኛው ቀን መጣ፤ ግማሹ ዋጋ በቅድሚያ ተከፈለ፤ ሸራውም ሄደ። ከተሰናበቱት ሁለት የመጋዘን ሠራተኞችም አንዱ ሸራውን ለመጫን ተጠርቶ ወደ ሥራው ተመልሷል።