ውሃው ከመኮምጠጡ በፊት

እ.ኤ.አ. በ2007 በደቡብ አፍሪካዋ ኢማላህሌኒ ከተማ አንድ ለየት ያለ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ውሃውን የሚስበው ከወንዝ ሳይሆን በአካባቢው ካሉ የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች ነው። ይህ የተበከለ ውሃ ለመጠጥ እንዲበቃ በከፍተኛ ግፊት እየተገፋ በረቂቅ ወንፊት ማለፍ አለበት፤ ሥራው ገንዘብም ኤሌክትሪክም ይበላል። ብክለቱን ገና ከጅምሩ ማወቅ ግን ከዚህ እጅግ ይረክሳል።

የችግሩ ዋና ምንጭ በከሰሉና በዙሪያው ባለው አለት ውስጥ የሚገኘው ፒራይት የተባለ የብረትና የድኝ ማዕድን ነው። አየር እስካላገኘው ድረስ ሳይለወጥ ይቆያል። ቁፋሮ ከአየርና ከውሃ ሲያገናኘው ወደ ሰልፈሪክ አሲድና ወደ ሟሟ ብረት ይቀየራል፤ አሲድ ወዳድ ባክቴሪያዎችም ለውጡን ያፋጥኑታል። አሲዱ ደግሞ ማንጋኒዝና አሉሚኒየም ከአለቱ እያሟሟ ያወጣል።

አታላዩ ነገር አለቱ ኖራ ሲኖረው ነው። ኖራው አሲዱን ስለሚያከሽፈው የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) 7 አካባቢ፣ ማለትም ገለልተኛ፣ ያሳያል፤ ውሃውም ጥርት ያለ ነው። ከአሲዱ የሚቀረው ሰልፌት ግን ከውሃው ጋር ይጓዛል። ስለዚህ ባለሙያዎች አሲዱ እስኪመጣ ሳይጠብቁ የሰልፌቱን መጠን ይከታተላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ሰልፌት በሊትር ከ500 ሚሊግራም ካለፈ ለጤና ባለሥልጣናት እንዲነገር ይመክራል።

ክትትሉ የሚካሄድባቸው ጉድጓዶች የሚቆፈሩት የውሃው ፍሰት አቅጣጫ ታውቆ ነው፤ አንዱ ውሃው ወደ ማውጫው ከመድረሱ በፊት፣ ሌሎቹ ካለፈ በኋላ። በመጀመሪያ የውሃው ከፍታ ይለካል። ቀጥሎ በጉድጓዱ የቆመው ውሃ ይሳብና የሙቀቱ፣ የፒኤቹና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ንባብ ሲረጋ ናሙና ይወሰዳል። ፒኤች እዚያው መለካት አለበት፤ ናሙናው አየር ሲያገኘው ይለወጣልና። ለብረትና ለማንጋኒዝ ምርመራ የሚሄደው ውሃ ተጣርቶ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ አለበለዚያ ብረቱ ወደ ቤተ ሙከራ ሳይደርስ ከጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል።

ሥራው ማውጫው ሲዘጋም አያበቃም። ውሃውን ከማውጫው ይስቡ የነበሩት ፓምፖች ሲቆሙ ውሃው ቀስ በቀስ ከፍ እያለ በማውጫው ዋሻዎች ግድግዳ ላይ የተከማቸውን ጨው ያጥባል፤ ብክለቱ ጎልቶ የሚታየውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም። አንዳንድ አካባቢ ውሃው በተፈጥሮው ሰልፌት ይበዛበታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን የማዕድን ሕግ ተከትለው የተደነገጉ መመሪያዎች፣ ፈቃድ ጠያቂው የአካባቢውን የከርሰ ምድር ውሃ ጥራትና መጠን ከየወቅቱ ልዩነት ጋር አስቀድሞ እንዲያቀርብ ያስገድዱታል። ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚሆን ከሰል በማምረት ላይ ላለችው ኢትዮጵያም ነገሩ ያው ነው፤ የክረምቱም የበጋውም ናሙና ከቁፋሮው በፊት ካልተወሰደ፣ በኋላ የማውጫው ባለቤት «ውሃው ድሮም እንዲህ ነበር» ሲል የሚመልስለት ማስረጃ አይኖርም።